የወገብ ልክና የደም ምስክርነት

ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳ አያያዝና ስለ ንጽሕና ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እኛ ግን ዛሬ የምንጽፈው ማንም ሰው በቤቱ ተቀምጦ በአንድ ሲባጎ ሊመረምረው ስለሚችለው፣ ዳሩ ግን ብዙዎቻችን እንደ ማዕርግ ቈጥረን ስለምንኰራበት ስለ ሆድ ስፋት ነው። ነገሩ ሣቅ የሚያመጣ ቢመስልም በቤታችን ያደረሰውን ድንጋጤ ያየ ሰው አይሥቅበትም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው አንሥተን እንደ ደረሰብን እንተርከዋለን።

ሥራችን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነው። ከጧት እስከ ማታ ተቀምጠን የከሳሽንና የተከሳሽን ቃል እንጽፋለን፤ መዝገብ እናገላብጣለን፤ ማዘዣና መጥሪያ አዘጋጅተን ለማኅተም እናቀርባለን። በሕፃንነታችን በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቈጥረን ዳዊት ደገምን፤ ከዚያም ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተን ቋንቋና ሒሳብ ተማርን። በዚያም አንድ መምህር በየዓመቱ መጨረሻ ተማሪዎቹን በበሩ መቃን እያስጠጋ ቁመታችንን በጠመኔ ምልክት ያደርግ ነበርና፣ ካለፈው ዓመት ምልክት በላይ የወጣ ልጅ ይመሰገን ነበር። ሰው ሲጨምር መልካም ነው፣ ሲቀንስ ክፉ ነው የሚለው ሐሳብ በዚያን ጊዜ በልባችን ተተክሎ ቀረ፤ አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ የሚጨምረው ቁመት አለመሆኑን ግን የነገረን አልነበረም።

የሀገራችንም ልማድ ይህንኑ ያጸናዋል። ብዙ ጊዜ ሳንተያይ ቈይተን የተገናኘን ዘመድ «ተመስገን፤ ወፍረሃል፤ ተስማምቶሃል» ይላል። የከሳውን ሰው ግን ምን ነካው፣ ምን አገኘው እያለ በስተ ኋላው ያዝንለታል። አባቶቻችን ረኃብን በዓይናቸው ያዩ ናቸውና በዚህ አልተሳሳቱም፤ የተሳሳትነውስ ጎተራው ሞልቶ ሲፈስ እያየን የረኃብን ዘመን ምስጋና የምንቀበል እኛ ነን።

ባለፈው ዓመት አዲስ ሙሉ ልብስ ለማሰፋት ልካችንን 15 ዓመት ሙሉ በደብተሩ ይዞ ወደ ኖረው ልብስ ሰፊ ሄድን። ሽማግሌው ሜትሩን ሲዘረጋ «አትድከም፤ የሱሪያችን ወገብ እንደ ወትሮው 92 ነው» አልነው። እርሱም አንገቱን ደፍቶ «ጌታዬ፤ የሱሪው ወገብ በእርግጥ አልተለወጠም። ነገር ግን ድሮ የሚታጠቁት በእምብርትዎ ላይ ነበር፤ ዛሬ የሚታጠቁት ከሆድዎ በታች ነው። ኮቱን ግን ሦስት ጊዜ አስፍቼዋለሁ» ብሎ መለሰልን። በዚህ ቃል ተቀይመን ወጣን። እውነቱን በትሕትና የተናገረን የመጀመሪያው ሰው ግን እርሱ እንደ ነበረ በኋላ ገባን።

በዚያው ሰሞን በመሥሪያ ቤታችን ለሠራተኞች ምርመራ ታዞ ነበርና በባዶ ሆድ ሄደን ደማችንን ሰጠን። በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ የተገኘው ስኳር 97 ሚሊግራም ሆነ። ልኩ ከ100 በታች ነውና «ደኅና ነዎት» ተባልን። ወረቀቱንም እንደ ነጻ መልቀቂያ ፍርድ አጥፈን በደረት ኪሳችን ከተትነው፤ ለልብስ ሰፊውም ልናሳየው አስበን ነበር።

በተከታዩ እሑድ ሐኪም የሆነችው የእኅታችን ልጅ ልትጠይቀን መጣች። እኛም በኩራት ወረቀቱን አውጥተን ሰጠናት። እርስዋ ግን አስቀድማ ወረቀቱን ሳይሆን ከኮሌታችን በላይ ያለውን የአንገታችንን ኋላ ተመለከተች። በዚያ ስፍራ ቆዳችን እንደ ከፋይ ሆኖ ጠቍሮ ነበር፤ ባለቤታችንም የኮሌታ እድፍ መስሏት በሳሙናና በሙቅ ውኃ ስትፈትገው ኖራለች። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን አንብባ «አጎቴ፤ ይህ ወረቀት አልዋሸም፤ ነገር ግን የተጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ለመሆኑ በእርስዎ ችሎት አንድ ምስክር ተሰምቶ መዝገብ ይዘጋል ወይ?» አለችን። አይዘጋም ብለን መለስን። «እንግዲያውስ የእርስዎም አልተዘጋም» አለች።

ከዚህ በኋላ ያስረዳችንን ነገር እኛ በገባን መጠን እንዲህ እንገልጸዋለን። የበላነው እንጀራና ዳቦ በሆድ ውስጥ ደቅቆ ስኳር ይሆንና ወደ ደም ይገባል። ከጨጓራ በስተ ኋላ ያለው ቆሽት የተባለው ብልት ኢንሱሊን የሚባለውን ሆርሞን ያመነጫል። ኢንሱሊንም በደም እየዞረ ጡንቻና ስብ ስኳሩን ተቀብለው እንዲያስገቡ፣ ጉበትም በበኩሉ ስኳር ማውጣቱን እንዲያቆም ያዝዛል። በሥራችን ብንመስለው ኢንሱሊን ማኅተም ያለበትን ማዘዣ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። ጤነኛ ሰውነት አንድ መልእክተኛ በመጣ ጊዜ ወዲያው ይታዘዛል። አንዳንዱ ሰውነት ግን ጆሮው ይደነቍራል፤ አንድ መልእክተኛ ቢመጣ አይሰማም፤ ቆሽትም ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት እያደረገ ይልካል። ከመልእክተኛው ብዛት የተነሣ ትእዛዙ በመጨረሻ ይፈጸማል፤ ስኳሩም በልኩ ይሆናል። ወረቀቱን ያየ ሰው ሁሉ ሰላም ነው ይላል። ዳሩ ግን ሰላሙ የቆመው በቆሽት ድካም ነው፤ ድካሙም ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ከቈየ በኋላ ቆሽት የሚልከው መልእክተኛ ሲያጥረው ያን ጊዜ ስኳር በአደባባይ ይወጣል። ይህን አለመታዘዝ ሊቃውንቱ የኢንሱሊን መቋቋም ይሉታል።

ይህ ዕውቀት ባንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን። ኢንሱሊን በ1921 ዓ.ም. በካናዳ ሀገር በቶሮንቶ ከተማ በባንቲንግና በቤስት ተገኘ፤ በ1922 ዓ.ም. በጃንዩወሪ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሞት ለተቃረበው ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጠ። በዚያን ዘመን የስኳር በሽታ ሁሉ ከኢንሱሊን ማነስ ብቻ የሚመጣ ይመስል ነበር። በ1936 ዓ.ም. ግን በሎንዶን ሂምስዎርዝ የተባለው ሐኪም ለበሽተኞች ስኳርና ኢንሱሊን ባንድነት ሰጥቶ ቢመረምር፣ በአንዳንዶቹ ስኳሩ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ በሌሎቹ ግን ኢንሱሊኑ እንዳልተሰጣቸው ያህል ከፍ አለ። በ1947 ዓ.ም. በፈረንሳይ ሀገር በማርሴይ ዣን ቫግ የተባለው ሐኪም ከወገብ በላይ የሚወፍር ሰውና በዳሌና በጭን የሚወፍር ሰው ዕድላቸው አንድ አለመሆኑን ጻፈ። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ዮርክ ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን በደም ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን የሚለኩበትን ጥበብ አውጥተው ቢመረምሩ፣ በጕልምስና ስኳር በያዛቸው ብዙ ሰዎች ደም ውስጥ ኢንሱሊን ሳይጐድል አገኙት። ለዚህም ሥራ ያሎው በ1977 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። በ1988 ዓ.ም. በአሜሪካ የስታንፎርድ ሐኪም የሆነው ጄራልድ ሪቨን የኢንሱሊን መቋቋም፣ የደም ግፊትና የደም ስብ መበላሸት የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ገልጾ ነገሩን ሁሉ ባንድነት አሰረው።

የእኅታችን ልጅ ይህን ካስረዳችን በኋላ አምስት ምስክሮች ቈጠረችልን። ታላላቅ የልብና የስኳር ሐኪሞች ማኅበሮች በ2009 ዓ.ም. ተስማምተው የወሰኗቸው ናቸው። ፊተኛው የወገብ ስፋት ነው። ሁለተኛው ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ 150 ሚሊግራም ሲደርስ ወይም ሲያልፍ ነው። ሦስተኛው ኤች ዲ ኤል የሚባለው ደጉ ኮሌስትሮል በወንድ ከ40፣ በሴት ከ50 በታች ሲሆን ነው። አራተኛው የደም ግፊት የላይኛው 130 ወይም የታችኛው 85 ሲደርስ ነው። አምስተኛው በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 100 ሲደርስ ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ከመሰከሩ ነገሩ ጸና ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ሄሞግሎቢን ኤ ዋን ሲ የሚባል ምርመራ አለ፤ ይህም የአንድ ጧትን ሳይሆን ያለፉትን የሁለትና የሦስት ወራት ስኳር ይናገራል።

ወደ ምርመራው እንድንሄድ ብትመክረንም ዛሬ ነገ እያልን ሦስት ሳምንት አሳለፍን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው ሆነብን። በመጨረሻ ራስዋ መጥታ ሸሚዛችንን አስወልቃ ለካችን። አለካኩም እንዲህ ነው። ከመጨረሻው የጐድን አጥንት በታችና ከዳሌ አጥንት ጫፍ በላይ ያለውን መካከል ያገኙና፣ ሜትሩን በራቁት ገላ ላይ ሳያጠብቁ ያዞሩታል፤ የሚለካውም ሰው ሆዱን ሳይስብ እንደ ልማዱ ተንፍሶ ሲያበቃ ይነበባል። እኛ ግን ሆዳችንን ሳብን። «አጎቴ፤ ይተንፍሱ» አለች። ስንተነፍስ 104 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ የሱሪያችን 92 የት እንደ ገባ አናውቅም።

የደሙም መልስ መጣ። ትራይግሊሰራይድ 212፣ ኤች ዲ ኤል 34፣ ግፊት 138 በ88፣ ኤ ዋን ሲ 5.8 ሆነ። ስኳሩ ብቻ ቀድሞ እንደ ነበረ 97 ነው። ከአምስቱ ምስክሮች አራቱ መሰከሩብን፤ እኛ በኪሳችን ይዘን የዞርነው ዝም ያለውን አምስተኛውን ነበር። በባዶ ሆድ የተለካው ኢንሱሊን 19 ሆነ። በ1985 ዓ.ም. በኦክስፎርድ በወጣው ስሌት የስኳሩን ቍጥር በኢንሱሊኑ አባዝቶ ለ405 ሲያካፍሉት የአለመታዘዙ ልክ ይገኛል፤ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሒሳባችንን አስታውሰን ብናሰላው 4 ተኩል ግድም ወጣ። ብዙ ሐኪሞች ከ2 ተኩል ሲያልፍ ይጠራጠራሉ። ሆኖም ኢንሱሊን የሚለካበት መሣሪያ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ለሁሉ የተስማማ አንድ ወሰን አልተቈረጠለትም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ የእኛ የአንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ለጋዜጣ ባልጻፍነው ነበር። የጻፍነው ከዚህ በኋላ ስለ ሆነው ነገር ነው።

ባለቤታችን ቀጭን ናት። ቁመቷ 158 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 54 ኪሎ ነው። ዘመዶቿ በመጡ ቍጥር «ደርቀሻል፤ ብዪ እንጂ» እያሉ ይገሥጿታል። እኛ ስንለካ መብራት ይዛ ቆማ ነበርና የእኅታችን ልጅ «እትዬ፤ እርስዎም ይለኩ» አለቻት። እርስዋም ሥቃ «እኔን ደግሞ ምን ልትለኪ ነው፤ እንደ ሸምበቆ የቀጠንሁ ሰው» አለች። እንዲሁ እኛን ለማጽናናት ብላ ተለካች። ወገቧ 83 ሆነ። ሐኪሟ ዝም አለች፤ ቀጥላም ስለ እናቷ ጠየቀቻት። የባለቤታችን እናት በስኳር በሽታ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ በእግራቸው በወጣ ቍስል የሞቱ ናቸው። ደግሞም ስለ ወሊዷ ጠየቀቻት። የመጨረሻው ልጃችን ሲወለድ 4 ኪሎ ተኩል መዝኖ ነበር፤ እኛም በዚያን ጊዜ እልል ብለን ጎረቤት ጠርተን ነበር። ሐኪሟ እንደ ነገረችን ግን እንዲህ ያለ ግዙፍ ልጅ አንዳንድ ጊዜ የእናቲቱ ስኳር በእርግዝና ጊዜ ከልክ ማለፉን ያመለክታል፤ በእርግዝና ስኳር የጐበኛት ሴትም ኋላ በበሽታው የመያዝ አደጋዋ እጅግ የበለጠ ነው።

ደሟ ተመረመረ። ስኳሯ 108፣ ኤ ዋን ሲዋ 6.1፣ ኤች ዲ ኤል 43፣ ኢንሱሊኗ 17 ሆነ። ስሌቱን ብናሰላው እንደ እኛው 4 ተኩል ግድም ወጣ። 82 ኪሎ የምንመዝን እኛና 54 ኪሎ የምትመዝን እርስዋ በአንድ ቍጥር ተገናኘን። እንዲያውም እርስዋ ወደ አደጋው ቀድማናለች፤ የእኛ ቆሽት ገና ስኳሩን በልኩ ሲይዝ የእርስዋ መድከም ጀምሮ ነበርና። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ለራሳችን ስንፈራ ያልመጣብን ነገር ያን ጊዜ መጣብን፤ አማታችን በመጨረሻው ዘመናቸው በሰው ትከሻ ተደግፈው ደጃችንን ሲዳስሱ በዓይነ ሕሊናችን ታዩን።

በስኳሯም ቍጥር ላይ ሁለት ደንብ መኖሩን ሰማን። በአሜሪካ የስኳር ሐኪሞች ደንብ በባዶ ሆድ ከ100 እስከ 125 ያለው የበሽታው ደጃፍ ይባላል፤ በዓለም ጤና ድርጅት ደንብ ግን ደጃፉ የሚጀምረው ከ110 ነው፤ 126 ሲደርስ ሁለቱም በሽታ ነው ይላሉ። እንግዲህ 108 በአንዱ ችሎት ጥፋተኛ፣ በሌላው ነጻ ነው። እኛም ነጻ ወደሚለው ለማዘንበል ስንፈልግ ሐኪሟ «አጎቴ፤ እትዬን በቍጥር ክርክር አናድናቸውም» አለችን።

ቀጭን ሰው ስለ ምን እንዲህ ይሆናል ብለን ብንጠይቅ የሰጠችን መልስ ይህ ነው። ከቆዳ በታች ያለው ስብ እንደ ጎተራ ነው። ጎተራው ሰፊ የሆነለት ሰው ብዙ ቢያከማችም ላይጐዳ ይችላል፤ በዳሌና በጭን የተቀመጠውም ስብ ብዙውን ጊዜ ሰላማዊ ነው። ጎተራው ጠባብ የሆነበት ሰው ግን ጥቂት ሲጨምር ይሞላበትና ትርፉ ወደ ሆድ ዕቃ፣ ወደ ጉበትና ወደ ጡንቻ ይፈሳል፤ በዚያም ገብቶ የኢንሱሊንን ትእዛዝ ያደናቅፋል። ስለዚህ ሚዛን ምን ያህል ስብ እንዳለ እንጂ በየት እንዳለ አይናገርም። በ52 ሀገሮች የልብ ድካም የያዛቸውን ሰዎች ከጤነኞች ጋር አስተያይቶ በ2005 ዓ.ም. የታተመው ታላቅ ምርመራም ከክብደት ይልቅ ወገብ በዳሌ ሲካፈል የሚገኘው ልክ አደጋውን አብልጦ እንደሚገልጽ አሳይቷል።

በዚህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ማስጠንቀቂያ አለ። ከሀገራችን ወደ እስራኤል የሄዱትን ቤተ እስራኤል የመረመሩ ሐኪሞች በ1988 ዓ.ም. እንደ ጻፉት፣ በወጣቶቹ መካከል የስኳር በሽታ ከታሰበው በላይ በዝቶ ተገኘ። በኋላም የተደረጉ ምርመራዎች ከኢትዮጵያ የመጡት ሰዎች ከሌሎች ይልቅ ገና ክብደታቸው ሳይበዛ በበሽታው እንደሚያዙ አሳዩ። የትራይግሊሰራይድም ምስክርነት በሁሉ ዘንድ እኩል አይደለም። በአሜሪካ በሚኖሩ ጥቁሮች ላይ የተደረገው ምርመራ እንዳስረዳው፣ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን እንቢ ሲል እንኳ ይህ ስብ ብዙ ጊዜ በልኩ ይቈያል። የባለቤታችን ትራይግሊሰራይድ 118 ነበርና እኛ ደስ ሲለን ሐኪሟ «በዚህ አትጽናኑ» ያለችን ስለዚህ ነው። የወገቡም ወሰን ቢሆን አሜሪካኖች ለራሳቸው ለወንድ 102፣ ለሴት 88 ብለው ጽፈው ነበር፤ ለአውሮፓ ሰዎች 94ና 80 ተባለ። ለአፍሪካውያን የራሳችን ልክ እስኪሰበሰብ ድረስ በአውሮፓው እንድንለካ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን መክሯል። በአሜሪካው ደንብ የባለቤታችን 83 ምንም አይደለም፤ በዚህኛው ግን ወሰኑን አልፏል። ሦስት ምስክሮች፣ ማለት ወገቧ፣ ኤች ዲ ኤሏና ስኳሯ መሰከሩ።

ከዚህ በኋላ ነውራችንን መግለጥ ይገባናል። በቤታችን ማዕድ ሲቀርብ ፊት የምንበላው እኛ ነን፤ ባለቤታችን ግን ሁሉን አብልታ ከጓዳ ቆማ የልጆቹን ትራፊ ትቀማምስ፣ ድካሟንም በጣፋጭ ሻይና በዳቦ ታስታግሥ ነበር። ይህን 20 ዓመት ሙሉ አላስተዋልንም። የራሳችንም ሻይ ቢቈጠር በመሥሪያ ቤት በቀን አምስት ብርጭቆ፣ በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ ስኳር ነበር። ማንኪያው 4 ግራም ግድም ቢይዝ በቀን 60 ግራም ስኳር ከምግብ ውጭ እንጠጣ ነበር ማለት ነው። የቅዳሜውን ጠጅ አልጨመርንበትም።

መድኃኒቱን ስንጠይቅ ሐኪሟ አስቀድማ የነገረችን ስለ እግራችን ነው። በአሜሪካ በበሽታው ደጃፍ ባሉ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2002 ዓ.ም. የታተመው ምርመራ እንደሚለው፣ ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተመከሩትና የተረዱት ሰዎች ወደ በሽታው የመግባት አደጋቸው በ58 በመቶ አነሰ፤ ሜትፎርሚን የሚባለውን ክኒን የወሰዱት ግን በ31 በመቶ ነው። ምክንያቱንም ስታስረዳን፣ የሚሠራ ጡንቻ የኢንሱሊን ትእዛዝ ባይደርሰው እንኳ በራሱ በር ከፍቶ ስኳር ያስገባል አለች። ተቀምጠን የምንውል ጸሐፊዎች ይህን ብንሰማ መልካም ነው።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን ከባለቤታችን ጋር ወጣን። በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ልማዳችን እኛ ፊት ፊት እርስዋ በስተ ኋላ ሄድን። ዘወር ብለን ስናነጋግራት እየተሰናከልን አስቸገረንና ከዚያ በኋላ ጎን ለጎን ሆንን። ጎረቤቶቻችን በመጀመሪያ ሙግት ያለብን መስሏቸው ወዴት ነው እያሉ ይጠይቁን ነበር። ሻዩን ያለ ስኳር ለመልመድ አንድ ወር ፈጀብን። ማዕዱም አንድ ሆነ፤ ባለቤታችን ሳትቀመጥ እጃችንን ወደ ሞሰቡ አንዘረጋም። ሽሮና ጎመን፣ ምስርና አተር ጨመርን፤ እንጀራውን ቀነስን፤ ከራት በኋላም ከመተኛታችን በፊት በግቢያችን ውስጥ ጥቂት እንመላለሳለን።

ዓመቱ ሲሞላ ተለካን። የእኛ ክብደት ከ82 ወደ 76 ኪሎ፣ ወገባችን ከ104 ወደ 96 ወረደ፤ ትራይግሊሰራይድ 146 ሆነ፤ ኤች ዲ ኤል ግን 38 ብቻ ነው። የባለቤታችን ክብደት ከሁለት ኪሎ በላይ አልቀነሰም፤ ወገቧ ግን 79፣ ስኳሯ 98፣ ኤ ዋን ሲዋ 5.7 ሆነ። ዘመዶቿ አሁንም ደርቀሻል ይሏታል። ነገሩ አልቋል ብለን አንጽፍም፤ የእኛ ወገብ ገና ከወሰኑ በላይ ነው፤ የእርስዋም ትውልድ አይለወጥም። መዝገቡ አልተዘጋም፤ በቀጠሮ ነው።

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ ጽሕፈት አንድ ነገር ብቻ እንድታደርጉ እንለምናችኋለን። ቁመታችሁን ያህል ሲባጎ ቍረጡ፤ ሲባጎውን ለሁለት እጠፉት፤ የታጠፈውንም በእምብርታችሁ አጠገብ ሆዳችሁን ሳትስቡ በወገባችሁ አዙሩት። ሁለቱ ጫፎች ከተገናኙ መልካም ነው። ካልተገናኙ ወገባችሁ ከቁመታችሁ እኩሌታ በልጧልና፣ ስኳራችሁ ብቻ ሳይሆን የደማችሁ ስብና ግፊታችሁም እንዲመረመር ሐኪም ጠይቁ። ወፍራሙን ብቻ አትለኩ፤ በቤታችሁ ቀጭን ነው ተብሎ የተተወውንም፣ ይልቁንም እናቱ ወይም አባቱ በስኳር የታመሙበትን፣ ግዙፍ ልጅም የወለደችውን ሴት ለኩ። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ባለፈው ሳምንት ወደ ልብስ ሰፊው ተመልሰን ያን ጊዜ ስለ ተቀየምነው ይቅርታ ጠየቅነው። አዲሱን ሱሪያችንን በእምብርታችን ላይ ለክቶ 96 ብሎ በደብተሩ ጻፈ። ቀጥሎም የባለቤታችንን ልክ በዚያው ገጽ ላይ እንዲጽፍልን ሲባጎዋን ሰጠነው። በመጪው መስከረም ሁለታችንም እንደገና እንለካለን።